ውሃ የሚጠጣው ኮምፒውተር

ቦአቴማ ልጇ ኮምፒውተር ውስጥ ውሃ ልታስገባ እንደሆነ ስትሰማ የያዘችውን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው።

«ኤሌክትሪክ ያለበት ዕቃ ውስጥ ውሃ?»

«ውሃው እኮ በቱቦ ነው የሚሄደው ማሜ። ኤሌክትሪኩን አይነካውም።»

«ቱቦው ቢቀደድስ?»

«አይቀደድም።»

«አባትሽም እንደዚሁ ይል ነበር።»

ፍሬማ ከት ብላ ሳቀች። ቦአቴማ አልሳቀችም። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ኩማሲ ውስጥ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። እሷም ቲማቲሟን ጭና ከጎኑ እየተቀመጠች ስንት ጊዜ ቱቦ ሲፈነዳ፣ እንፋሎት ሲንቦለቦል፣ ተሳፋሪ በመስኮት ሲዘል አይታለች። ውሃ የሚባል ነገር ለመውጣት ከፈለገ ቀዳዳ እንደማያጣ የተማረችው እዚያ ነው።

ፍሬማ ግን ያለ ምክንያት አልተነሳችም። ሥራዋ ሰርግና ለቅሶ መቅረጽ ነው። ለቅሶ ቅዳሜ ይዋላል፤ ከበሮ ይመታል፣ ይለቀሳል፣ ይጨፈራል። እሑድ ደግሞ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ለምስጋና ቤተ ክርስቲያን ይሄድና በልቶ ጠጥቶ ይበተናል። ቤተሰብ ሁሉ የሚመኘው ፊልሙን እሑድ፣ ዘመድ ሳይበተን ማየት ነው። ትልልቆቹ ፊልም አንሺዎች ግን ወር ቆይተው ነው የሚያመጡት። እዚያው ለቅሶ ቤት ቁጭ ብላ ቆርጣ ቀጥላ ብታደርስ ፍሬማ ሥራ አይጠፋባትም ነበር። ችግሩ ኮምፒውተሯ ነው። ከትልቅነቱ የተነሳ ሚኒባስ ላይ ስትጭነው ረዳቱ «እህቴ፣ ሬሳውን ነው እንዴ የምትወስጂው?» ይላታል። ድንኳን ሥር ሙቀቱና አቧራው ሲበዛበት ደግሞ ማራገቢያዎቹ እንደ ወፍጮ ይጮኻሉ፤ አልቃሹ ሁሉ ዞሮ ያፈጥባታል። ባለፈው ሰርግ ላይማ ሙሽራዋ ኬኩን ሳትቆርስ ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ ቀረ።

ስለዚህ አዲሱ ጭን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ነገር መሆን አለበት። ትንሽ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ትልቅ ማራገቢያ አይገባም። ሙቀቱን ከውስጥ ተሸክሞ የሚያወጣው ውሃ ብቻ ነው።

«ይሄም ካልተሳካ» አለች ፍሬማ፣ «ቴማ ወደብ፣ አክስቴ ጋ ሄጄ የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት እሠራለሁ። በቃኝ።»

እየሳቀች ነው ያለችው። ግን ቦአቴማ ልጇን ታውቃታለች፤ «በቃኝ» ካለች በቃት ማለት ነው። ያለቻት ልጅ ደግሞ እሷው ብቻ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦአቴማ ውሃውንም ፈራች፣ ውሃው ሳይሳካ እንዳይቀርም ፈራች።

ፍሬማ ሥራውን የጀመረችው በወተት ካርቶን ነው። ቆርጣ፣ አጣጥፋ፣ በፕላስተር አጣብቃ የዳቦ ሳጥን የምታህል ነገር ሠራች። እዚህ ኃይል ሰጪው፣ እዚህ ፓምፑ፣ እዚህ ራዲያተሩ እያለች በሳሙናና በክብሪት ሞላቻት። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ልኩ ሲገኝ እናትና ልጅ ካርቶኑን ይዘው ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ ጭን ላይ ይመች እንደሆነ ለማየት። ካርቶኑን የታቀፈችው ቦአቴማ ነበረች።

«ምንድነው እሱ?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠች ሴትዮ።

«ኮምፒውተር።»

ሴትዮዋ ካርቶኑን አየች፣ ቦአቴማን አየች፣ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

ከዚያ ወደ ሱዋሜ ሄዱ። የመኪና ሆድ ሁሉ የሚዘረገፈው እዚያ ሰፈር ነው፤ የቦአቴማ ወንድም ኦፖኩም ራዲያተር ጠጋኝ ነው። ፍሬማ «ዎፋ» ትለዋለች፤ የእናት ወንድም ከአባት እኩል ነው።

«ትንሽ ራዲያተር?» አለ ኦፖኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የኔ ልጅ፣ እሱማ ቤቴን ሞልቶታል።» ከጓሮ ካለው ክምር አንዱን ጎትቶ አወጣ። «ይሄ የመኪና ማሞቂያ ነው። ፈረንጆቹ ስለሚበርዳቸው ዳሽቦርዱ ሥር ምድጃ አስገብተው ይልኩልናል። ኩማሲ ውስጥ ማን ምድጃ ላይ ተቀምጦ ይነዳል? አውጥተን እንጥለዋለን።»

ማሞቂያው መጽሐፍ ያህል ነበር። ካርቶኑ ውስጥ አስገቡት፤ ልክክ አለ።

ኦፖኩ በሎሚ ውሃ አጠበው፣ ጫፎቹን በየደ፣ ከዚያ አንዱን አፍ ደፍኖ በሌላው አየር እየነፋ በርሜል ውስጥ ነከረው። ሦስቱም አጎንብሰው ውሃው ላይ አፈጠጡ። አንዲት አረፋ አልወጣችም።

«ደግመህ ንፋው» አለች ቦአቴማ።

«ነፋሁት እኮ።»

«ደግመህ።»

«እህቴ» አለ ኦፖኩ፣ «ፍርሃት በኪሎ ቢሸጥ ኖሮ ይሄን ሰፈር ትገዢው ነበር።» ግን ደግሞ ነፋው።

እዚያው ሰፈር ያለ ድስት ቀጥቃጭ የአልሙኒየም ሳጥኑን ሠራላቸው። ፍሬማ የቀረውን ዕቃ ከያለበት አሰባስባ ቤት ወለል ላይ ዘረጋችው። ከሁሉም ለእናቷ ያሳየቻት የኮምፒውተሩ አንጎል ላይ የሚጣበቀውን የመዳብ ቁራጭ ነው። ውስጡ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቁ ግን ከፀጉር ይቀጥናል።

«ውሃው በዚህ ውስጥ ያልፋል» አለች ፍሬማ። «ሙቀቱን ይዞ ወደ ዎፋ ራዲያተር ይሄዳል፣ እዚያ ቀዝቅዞ ይመለሳል።»

«በዚህች?» ቦአቴማ ዓይኗን አጠበበች። «ጉንዳንም አታልፍባት።»

ሳጥኑ ገና ሳይከደን ሥራው መጣ። ኤጂሱ ከተማ ኦፓኒን ባፊ የሚባሉ ሰው እናታቸው አርፈው ነበር። ኦፓኒን ባፊ የቤተሰቡ አለቃ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ፊልሙን አጥብቃ የፈለገችው የሟቿ ታላቅ እህት ናና አቺያ ነበረች፤ እግሯ ስለማይሄድላት ለቅሶው ሜዳ መውጣት አትችልም።

«ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን ምራቁን ዓይኑ ላይ እንደቀባ ማየት እፈልጋለሁ» ብላ ነበር።

ኦፓኒን ባፊም ፍሬማን ከላይ እስከ ታች አይተው «እሺ» አሏት። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፊልሙ ከደረሰ፣ ከእንግዲህ የዚህ ቤተሰብ ሥራ ሁሉ ያንቺ ነው። ካልደረሰ ግን መንገዱን እርሺው።»

ቅዳሜ ማለዳ ኮምፒውተሩ ተጠናቀቀ። ፍሬማ የባትሪ ውሃ አንቆረቆረችበትና ቁልፉን ተጫነች። ትንሿ የውሃ መያዣ ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ዞር፣ ዞር አለ። ድምፅ የለም። ቦአቴማ ጆሮዋን አስጠጋች፤ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው የሚሰማው።

«ጎሽ የኔ ልጅ» አለች፤ ከደስታዋ ብዛት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ፍሬማ ልትታጠብ ገባች። ቦአቴማ ብቻዋን ቀረች። ያኔ ነው ቱቦው መጋጠሚያ ሥር አንዲት ጠብታ ያየችው።

ጠረገችው። አፈጠጠችበት። ደረቅ ነው። ዞር ብላ እንደገና ስታየው የረጠበ መሰላት። እጇን ሰደደች፤ ይርጠብ አይርጠብ መለየት አልቻለችም። የነዚያ ሁሉ መንገዶች እንፋሎት ፊቷ ላይ መጣ። ባሏ እንዲህ ያለ ቀን ምን እንደሚያደርግ ግን ታውቃለች። የኩማሲ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ተፈቅፍቆ የተቆላ ደረቅ ካሳቫ ከማንም ቤት አይጠፋም፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ራዲያተር ውስጥ ቆንጠር አድርገህ ብትጨምረው ቀዳዳውን ፈልጎ ይደፍናል። ባሏ በዚህ ብልሃት ስንቴ ከመንገድ ተርፎ ቤቱ ገብቷል።

ጓዳ ገብታ ከካሳቫው ቆንጠር አደረገች። የብርጭቆውን ክዳን ከፍታ ጨመረችው። ውሃው ትንሽ ደፈረሰና ተመልሶ ጠራ። ጠብታውም አልታየም። «ተመስገን» አለች። ለልጇ ልትነግራት ነበር፤ ግን ፍሬማ ፀጉሯን እያሰረች ወጣች፣ ውጭ መኪናው ጡሩምባውን ነፋ፣ ነገሩ በግርግር ተረሳ።

ለቅሶው አማረ። ፍሬማ ቀኑን ሙሉ ስታነሳ ዋለች፤ ማታ ለእንግዳ በተሰጣቸው ክፍል ቁጭ ብላ ቆረጠች፣ ቀጠለች። አንድ ጊዜ ብቻ «ትንሽ ሞቀች» አለች ሳጥኗን እየዳበሰች። ቦአቴማ «አዲስ ስለሆነች ነው» አለቻት።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰው ቀረ። ኦፖኩ ነጩን ልብሱን ለብሶ መጥቷል፤ «ራዲያተሬን ላየው ነው» ብሎ። የቀረው የተቆራረጠውን ሁሉ አንድ ፊልም ማድረግ ብቻ ነበር፤ ለኮምፒውተር ግን ከባዱ ሥራ እሱ ነው። ፍሬማ አስጀመረችው። ጥቂት ሄደና ድርግም አለ።

እንደገና አስነሳችው። እንደገና ድርግም።

«እንዳይቃጠል ራሱን እያጠፋ ነው» አለች። ቱቦዎቹን ነካካች። «ዎፋ፣ ይሄ ይፋጃል፣ ይሄኛው ቀዝቃዛ ነው። ውሃው አይዞርም!»

«ፓምፑ ሞቶ ይሆናል።»

«ፓምፑማ ይሠራል፣ ስማው።»

«አየር ይዞ ይሆናላ። አዘንብዪው።»

አዘነበሉት፣ ነቀነቁት፣ መታ መታ አደረጉት። ምንም የለም። ፍሬማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ከቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር ይሰማል። ቦአቴማ በር አጠገብ ቆማ ነበር።

«ፍሬማዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ካሳቫ ኮምፒውተር ይጎዳል እንዴ?»

ሁለቱም ዞሩ።

«ምን ካሳቫ?» አለች ፍሬማ።

«የተቆላው።»

«ማሜ... የት ጨመርሽው?»

«ውሃው ውስጥ። ጠብ ሲል አየሁና...»

ፍሬማ ወደ ውሃ መያዣው ብርጭቆ አጎነበሰች። ኦፖኩ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ይንሸራተት ጀመር፤ ሳቁ እያንፈራፈረው ነጩን ልብሱን ለብሶ ወለል ላይ ቁጭ አለ።

«ስንት ቆንጥር?» አለ ትንፋሹን ሲያገኝ።

«አንድ።» ወደ ወለሉ አየች። «ሁለት። የመጀመሪያው አነሰብኝ።»

«ዎፋ፣ አትሳቅ!» አለች ፍሬማ፤ ድምፅዋ ሊሰበር ምንም አልቀረውም። «ያ መዳብ ተደፍኗል እኮ! ውሃው ይገለበጣል፣ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ተመልሶ ይሞላል፣ ከዚያ ነው ፊልሙ የሚጀምረው። እነሱ አሁን ይወጣሉ!»

ኦፖኩ ተነሳ። «ካቻቢቴ ስጪኝ። ለመኪና ቢሆን ኖሮ እናትሽ ትክክል ናት፣ ይሄን ልንገርሽ።»

ፍሬማ እናቷን አላየቻትም። ብሎን ትፈታለች። ቦአቴማ ከዚህ ሁሉ ብትጮህባት ይሻላት ነበር። መዝሙሩን አዳመጠች፤ የመጨረሻው እንደሆነ ገባት።

«ምን ያህል ጊዜ ይበቃሻል?» አለች።

«አንድ ሰዓት። ግን የለንም።»

«እኔ አመጣልሻለሁ» አለችና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ኦፓኒን ባፊ ከፊት፣ የመባው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቦአቴማ በሕይወቷ ሰው ፊት ወጥታ አታውቅም፤ በራሷ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትቀመጠው ምሰሶ ኋላ ነው። በጎን በኩል ዞራ እግራቸው ሥር በርከክ አለች።

«ፊልሙ አለቀ?» አሏት በሹክሹክታ።

«አላለቀም ናና» አለች፤ ትልቅ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ «ናና» ነው የሚባለው።

ግንባራቸው ተቋጠረ። «ገብቶኝ ነበር። ልጅ ናት ብዬ ነበር።»

«ልጄ አይደለችም ያጠፋችው። እኔ ነኝ።» ነገረቻቸው፤ ጠብታውን፣ ካሳቫውን፣ ሁለቱን ቆንጥር ሳይቀር።

ሽማግሌው አዩዋት። «ራዲያተር ውስጥ?»

«አዎ ናና።»

«ካካዎ በመኪና በምጭንበት ዘመን» አሉ ኦፓኒን ባፊ ቀስ ብለው፣ «እኔም አንድ ጊዜ ከዚህ እስከ ታኮራዲ ወደብ በካሳቫ ነው የሄድኩት።» ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ መዝሙር መጽሐፉን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «አሁን ምን ላድርግሽ? የአክራ እንግዶች መኪና በር ላይ ቆሟል። ሰው በግድ አላግት።»

«በተወለዱበት ቀን እየጠሩ በመባ ያፎካክሯቸው።»

«ዛሬ በቀን አንጠራም። ለቅሶ ነው።»

«ዛሬ እኮ ምስጋና ነው ናና። ለእናትዎ።»

ኦፓኒን ባፊ የመባውን ጠረጴዛ አዩ።

«ማንም ባይነሳ» አለች ቦአቴማ፣ «የሐሙስ ልጆችን እኔ እመራለሁ።» ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

ሽማግሌው ተነሱ። «ወገኖቼ» አሉ፣ «እናቴን እንዲህ በዝምታ አልሸኛትም። በተወለዳችሁበት ቀን ኑ! የትኛው ቀን አብልጦ እንደሚወዳት እንይ!»

ከበሮው ጓ አለ። ከዚያ ማን ይመለስ። የእሑድ ልጆች ተነሱ፣ ሰኞ ተከተለ፣ ሁሉም ነጭ መሐረቡን እያውለበለበ እየጨፈረ ጠረጴዛው ላይ መባውን ይጥላል። «ረቡዕ የታለ?» ይጮኻል አንዱ። «ረቡዕ ተኝቷል፣ ቀስቅሱት!» ይላል ሌላው። «ዓርብ ዛሬም ሳንቲም ሊያመጣ ነው!» «አንተ ቅዳሜ፣ ሆድህ ቀድሞህ ደረሰ!» ሐሙስ ሲባል የተነሳ አልነበረም። ቦአቴማ ብቻዋን ወጣች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት። ከኋላዋ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ ቀጥሎ ሁለት ወጣቶች፣ ቀጥሎ የመዘምራኑ አለቃ ተከተሏት። መሐረቧን አነሳች። ከዚያ በኋላ እግሯን ማን እንዳዘዘው አታውቅም።

ሰባቱም ቀን ሲያልቅ ኦፓኒን ባፊ ዓርብ እንዳሸነፈ ተናገሩ። ቦአቴማ ወደ በሩ ተመለከተች። ማንም አልመጣም።

«አልተስማማንም!» ብላ ጮኸች።

ከበሮ መቺው እጁን አንጠልጥሎ ቀረ።

«ዓርቦች ሁለቴ ዞረዋል! እኔ አይቻለሁ!»

«ውሸት ነው!» ዓርቦች ብድግ አሉ።

«እውነቷን ነው! ይደገም!» አሉ ሐሙሶች። ወፍራሙ ሰውዬ ወንበር ላይ ወጣ። ኦፓኒን ባፊ እጃቸውን ዘርግተው «ይደገም» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ተደገመ። በሁለተኛው ዙር ማክሰኞ ላይ ሲደርሱ ኦፖኩ በር ላይ ታየ። ነጩ ልብሱ ከፊት በኩል ረጥቧል። አውራ ጣቱን አነሳላት። ቦአቴማ ላቧን በመሐረቧ ጠረገችና «እሺ፣ ዓርብ ይብላው» አለች።

ድንኳኑ ሥር ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል። ሳጥኗ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ አቧራው በላይዋ ይነፍሳል፤ ድምፅ የላትም። ፍሬማ ጣቶቿ መዳቡን በጥርስ ብሩሽ ከመፈተግ ቀልተዋል። እናቷ ስትመጣ አየቻትና እጇን ያዘቻት።

«ዓርቦችን ሌባ አልሽ አሉ?»

«ምን ላድርግ።»

«አንቺ?» አለች ፍሬማ። «አንቺ ማሜ?» ከዚያ ወዲያ ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ።

ናና አቺያን ከነወንበሯ ተሸክመው ከፊት አስቀመጧት። ፊልሙ ጀመረ። ከበሮው፣ ቀይና ጥቁር የለበሰው ሕዝብ፣ ለቀስተኛው። «ያቺ ምራቅ ናት» ትላለች ናና አቺያ ጣቷን ቀስራ። «ይሄኛው ግን ከልቡ ነው። ያም ከልቡ ነው፣ ብድር አለበት እንጂ።» ሰው በሳቅ ይፈነዳል። የእህቷ ፎቶ በሰው ትከሻ ላይ እየጨፈረ ሲመጣ ግን እጇን ወደ ጨርቁ ዘረጋች። ፊልሙ እስኪያልቅ አላወረደችውም።

«ድገሚው» አለች።

የአክራ መኪና ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ኦፓኒን ባፊ ወደ ፍሬማ ጠጋ ብለው የአርባውን ቀን ነገሯት፤ አንድ ሌላ ሰውም ክንዷን ያዘና ማምፖንግ ላይ ስላለ ለቅሶ ያወራት ጀመር። ናና አቺያ ከወንበሯ ዞረች።

«አንቺ ልጅ፣ የኔ ቀን ሲደርስም አንቺ ነሽ።»

«ያርቅልን ናና» አለች ፍሬማ።

«ያርቀው፣ ያርቀው። ግን በጎን አታንሺኝ፣ በጎን አላምርም።»

ፍሬማ ወደ እናቷ ጎንበስ አለች። «ማሜ፣ ቅዳሜ ማምፖንግ እንሄዳለን።»

«እኔም?»

«ሰዉን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያቆይልኝ እፈልጋለሁ።»

ቦአቴማ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ጨርቁ ላይ እንደገና ብርሃን ወጣ።

«ዝም በሉ እናንተ!» አለች ናና አቺያ ከፊት። «እህቴ እየመጣች ነው።»